የጠማት ትመስላለች

«ይሄን ውሃ የሚጠጣው ዘንዶ ነው እንዴ?»

አክስቷ የበርሜሉን ክዳን በአንድ እጃቸው ይዘው፣ አንገታቸውን ወደ ውስጥ አስግገው ነበር የሚጮኹት። ድምፃቸው በርሜሉ ሆድ ውስጥ ገብቶ ሲመለስ ሁለት ሰው የሚቆጣ ይመስላል።

ፍንጭት የደብተር ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች የኩሽናው በር ላይ ቀጥ አለች። በመዝገብ ስሟ የሚጠራት ትምህርት ቤት ውስጥ ስም የሚጠራው መምህር ብቻ ነው። የፊት ጥርሶቿ መሀል ያለውን ክፍተት አይታ «ፍንጭት» ያለቻት እናቷ ናት፤ እናቷ ካረፈች በኋላም ስሙ እቤት ውስጥ ቀረ።

«ከንፈሩ ድረስ ነው የሞላነው! አሁን ጣሳው ወለሉን እየቧጠጠ ነው። አንተ ድንቡሽ! ና ወዲህ!»

ታናሽ ወንድሟ ጉንጩ ውስጥ ያለውን ዳቦ ሳይውጥ መጣ።

«እኔ አይደለሁም።»

«ገና ምን ጠየቅኩህና ነው?»

«ምንም ይሁን፣ እኔ አይደለሁም።»

«ዝናብ እምቢ ባለበት ዘመን፣ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ በውሃ ትጫወታለህ? ጀልባ ልትነዳበት ነው?»

አባቷ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ የሥራ ጫማውን ያስራል። ግንበኛ ነው፤ የጣቶቹ ቆዳ በሲሚንቶ ተበልቶ እንደ አሮጌ ግድግዳ ተሰነጣጥቋል። ቀና ሳይል፣ «ይተዉት እትዬ፤ ልጅ አይደል፣ ጠጥቶት ይሆናል» አለ።

«ጠጥቶት? ልጅህ ግመል ነው?»

ፍንጭት ቦርሳዋ ውስጥ ያለው ኮዳ ሙሉ መሆኑን ታውቃለች፤ ማታ ተመልሳ የት እንደምትደፋውም ታውቃለች። ግን አንድ ኮዳ በርሜል አያደርቅም። እሷም ወንድሟን በጎን አየችው። እውነትም በውሃ ሳይጫወት አይቀርም።

አክስቷ ክዳኑን ገጥመው ወደ ግቢው ዞሩ። ዓይናቸው አጥሩ ሥር ያለችው ቁጥቋጦ ላይ ሲያርፍ ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«ስማኝ ወንድሜ። እሁድ እቤት ስትውል ይቺን ነገር ንቀልልኝ። ሰው በር ከፍቶ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው የሞተ ነገር መሆን የለበትም። በሐዘን ላይ ሐዘን ነው።»

አባቷ የታሰረውን ጫማ ፈትቶ እንደገና አሰረው።

«እሁድ እናያለን» አለ።

ፍንጭት «አትነቀልም» ልትል ፈልጋ ነበር። ግን ምን ብላ ትከራከራለች? ቁጥቋጦዋን እያያቻት ነው። ቅጠሎቿ አንገታቸውን ደፍተዋል፤ ግማሾቹ ቢጫ ሆነዋል፤ የረገፉት ከሥሯ ተነጥፈዋል። ዓመቱን ሙሉ ቅጠል የማታራግፈው ተክል!

እቤት ውስጥ ስሟ «ዝንጉርጉሯ» ነው። የቅጠሏ መሀል ጥቁር አረንጓዴ፣ ጠርዙ ዙሪያውን ወተት የነካው ይመስላል። እናቷ መንገድ ዳር ባለው ችግኝ መሸጫ ነበር የምትሠራው። ገዢ ሁሉ የሚፈልገው አበባ ነው፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ ከሩቅ የሚጣራ። ይቺን ግን የጠየቃት የለም። አንድ ቀን የመሸጫው ባለቤት፣ «ቦታ አጣበበች፤ ጣይልኝ» ሲላት በቆርቆሮ ጣሳ ይዛት መጣች።

«ይቺ እንደ እኔ ናት» ትል ነበር አፈሩን በእጇ እየጠቀጠቀች። «ትንሽ ነገር ይበቃታል። ብትረሷት አትቀየምም፤ ብታቆላምጧት ነው የምትኮርፈው።»

እውነትም ፀሐዩ የሰፈሩን ሣር ሁሉ ሲያቃጥል እሷ ንቅንቅ አትልም ነበር። እናቷ ከመቀስ በስተቀር ብዙም አትነካትም። አልፎ አልፎ መሀሏ ላይ ወተት የሌለበት፣ አረንጓዴ ብቻ የሆነ ቅርንጫፍ ሲበቅል ከሥሩ ትቆርጠዋለች። «ይሄ ጉልበተኛ ነው፤ ዝም ካልሽው ሌላውን ሁሉ ውጦ መልኳን ያጠፋዋል» ብላ ለፍንጭት አሳይታታለች። ፍንጭት ያኔ ልቧ ስልክ ላይ ነበር። አሁን እናቷ ያለችውን እያንዳንዱን ቃል ለመልቀም ብትሞክር አብዛኛው አመለጣት።

እናቷ የሞተችው ዝናቡ በቀረበት ወቅት ነው። ያን ሰሞን አባቷ ሥራ አልሄደም። መጥቶ የሚያጽናናው ሰው ሲያልቅ፣ ከግቢው ጥግ የተረፈ ሲሚንቶ አምጥቶ ዝንጉርጉሯን ዙሪያዋን ክብ አድርጎ ገነበላት። ውሃ ሲያጠጧት ወደ ውጭ እንዳይሄድባት ብሎ። ሥራው ያምር ነበር፤ ጠርዙን በማንኪያ ጀርባ አለስልሶታል። ለሰው ቤት እንዲህ ተጠንቅቆ ሲሠራ ፍንጭት አይታው አታውቅም።

ቅጠሎቹ መጠውለግ የጀመሩት ከዚያ ወዲህ ነው። ፍንጭት ውሃ ጨመረች። ባሰባት። ደግሞ ጨመረች።

---

«ከንፈርሽን አይተሽዋል?» አለች ራዲዮ፤ አጠገቧ የምትቀመጠው ጓደኛዋ። አፏ ስለማይዘጋ ነው ራዲዮ የተባለችው። «እንደ ደረቀ ኩሬ እኮ ተሰነጣጥቋል።»

«ደህና ነኝ።»

«ኮዳሽ ደግሞ ሙሉ ነው። ለኤግዚቢሽን ነው የምታስቀምጪው?»

«በኋላ እጠጣዋለሁ።»

«ትናንትም በኋላ ነበር ያልሽው። ‘በኋላ’ የሚባለው ሰዓት የሚደርሰው መቼ ነው? ደግሞ ደህና ነኝ ትላለች! ፊትሽ አመድ መስሏል።»

«አታካብጂ ባክሽ።»

«እኔ ነኝ ያካበድኩት? እሺ በቃ፣ ስትወድቂ በየት በኩል እንድይዝሽ ንገሪኝ።»

ፍንጭት ልትስቅ ብላ ከንፈሯ ተሰንጥቆ አመማት። ኮዳውን በእግሯ ወደ ወንበሩ ሥር ገፋችው። እቤት ያለው ውሃ እየተቆጠረ ነው፤ ከበርሜሉ ብትቀዳ አክስቷ ያውቃሉ። የራሷን ድርሻ ግን የምትጠጣውም የማትጠጣውም እሷ ናት። ይህን ያክል ለእናቷ ተክል ብትሰጥ ማን ይከለክላታል?

የሂሳብ ፈተናው ሲታደል ቁጥሮቹ ወረቀቱ ላይ መዋኘት ጀመሩ። የመጀመሪያውን ጥያቄ ደጋግማ አነበበችው። ስለ አንድ ታንከርና ስለሚሞላው ቧንቧ ነበር። ጭንቅላቷ ውስጥ የሆነ ሰው በመዶሻ የሚመታ መሰላት። መምህሩ መጥቶ ግንባሯን ነካና ወረቀቱን ቀስ ብሎ ከእጇ ወሰደው።

«ይሄን ሌላ ቀን ትፈተኚዋለሽ። አሁን ወደ ቤት። ውሃ ጠጪ፣ ጥላ ጥላውን ሂጂ።»

ጥላ ጥላውን ሄደች። ውሃውን ግን አልጠጣችም። ኮዳው ቦርሳዋ ውስጥ ከእርምጃዋ ጋር እየተንቦጫረቀ ጀርባዋን ይመታታል። ያ ድምፅ ደግሞ ወዴት እንደሚወስዳት ታውቃለች። አትፈልግም፤ ግን ይወስዳታል።

ሆስፒታሉ ውስጥ ከእናቷ አልጋ አጠገብ አንድ ማሰሮ የሚያክል የውሃ ጆግና ሰማያዊ መስመር ያለው ኩባያ ነበር። የእናቷ ኩላሊት ሥራውን ትቶ ነበር። የጠጣችው ውሃ መውጫ አጥቶ ገላዋ ውስጥ ይቀራል። ሐኪሙ ኩባያውን አንስቶ ለሁሉም አሳያቸው፦ «ለቀኑ ሙሉ ይህች ብቻ። ከዚህ ካለፈ ውሃው ራሱ ነው የሚጎዳት።»

እግሮቿ አብጠው ጫማ አልገባ ብሏቸው ነበር። በጣት ሲጫኗቸው ጉድጓድ ይሆናሉ፤ ጉድጓዱም ቶሎ አይሞላም። ድንቡሽ ነገሩ ገርሞት ደጋግሞ ሲጫናት እናቱ ስቃ፣ «ቀስ በል አንተ፣ ሊጥ አደረግኸኝ እኮ!» አለችው። እግሮቿ እንደዚያ ሞልተው ከንፈሯ ግን ደርቆ ይላላጥ ነበር። ይህን ፍንጭት ልትረዳው አልቻለችም፤ ሰው በውሃ ሞልቶ እንዴት ይጠማዋል?

ከትምህርት ቤት በኋላ ተረኛዋ ፍንጭት ነበረች። እናቷ «ፖሊሷ መጣች» ትላታለች። በመጨረሻው ቀን ኩባያው ገና በጊዜ አልቆ ነበር።

«ፍንጭቴ።»

«አቤት እማዬ።»

«ትንሽ ብቻ። ምላሴን ላርጥብበት።»

«እማዬ፣ ሐኪሙ እኮ...»

«ሐኪሙ አሁን አያየንም» አለችና ለመሳቅ ሞከረች።

«ነገ ጠዋት» አለቻት ፍንጭት። «ነገ ጠዋት መጀመሪያ እሰጥሻለሁ።» ከዚያ ተነስታ ጆጉን እናቷ እንዳታየው መስኮቱ ላይ፣ ከመጋረጃው ኋላ አስቀመጠችው።

በነጋታው ስትደርስ አልጋው ተነጥፎ ነበር። ጆጉ መጋረጃው ኋላ እንዳለ ነው። ስለዚያ ጆግ ለማንም ተናግራ አታውቅም።

---

የግቢው በር ገርበብ ብሏል። በዚህ ሰዓት በሩ ዝግ መሆን ነበረበት። ፍንጭት ልትገፋው ስትል የሰው ድምፅ ሰማችና ቆመች።

«ጠጪ» ይላል ድምፁ። «ጠጪ እንጂ። አሁን ማንም አይከለክልሽም።»

አባቷ ነው። በሥራ ልብሱ፣ ፀጉሩ ላይ ሲሚንቶ እንደቦነነ፣ ዝንጉርጉሯ ፊት ቁጢጥ ብሏል። ባልዲውን አዘንብሎ ውሃውን ቀስ፣ ቀስ አድርጎ ያፈሳል፤ ሕፃን እንደሚያጠጣ ሰው። ምሳውን ትቶ ነው የመጣው።

ፍንጭት በሩ ኋላ ተለጠፈች። መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነው። ብቻዋን አልነበረችም! ከዚያ የበርሜሉን ወለል አስታወሰች።

ከቤቱ ጀርባ ድንቡሽ ብቅ አለ። የእሱ ክፍል የጠዋት ፈረቃ ነው። ጉንጮቹ እንደ ፊኛ ተነፍተዋል። አባቱን ሲያይ ደርቆ ቀረ።

«ምንድን ነው አፍህ ውስጥ የያዝከው?»

«እምም።»

«ወይ ዋጠው ወይ ትፋው!»

ድንቡሽ ለቅጽበት አመነታ። ከዚያ ሮጦ መጣና ክቡ ላይ ጎንበስ ብሎ በአፉ የያዘውን ሁሉ ዝንጉርጉሯ ሥር ፏ አደረገው። አገጩን በእጅጌው ጠረገ።

«ጣሳ ከያዝኩ አክስቴ ያያሉ» አለ፤ ጥፋቱ ያለው ጣሳው ላይ ብቻ ይመስል።

አባቱ ባልዲውን እንደያዘ አየው። ባልዲውንም አየው።

ፍንጭት በሩን ገፍታ ገባች። ማንም ለምን ቶሎ እንደመጣች አልጠየቃትም። ቦርሳዋን አወረደች፣ ኮዳውን አወጣች፣ ክዳኑን ፈታች። ምንም አላሰበችም፤ እጇ ለምዶታል። ግን ልታፈስ ስታዘነብል ውሃ ውስጥ ሰማይ አየች።

ውሃው አልሰረገም። አባቷ በገነበው ክብ ውስጥ ቆሟል። በር ላይ ያለው መንገድ እንደ ተሰበረ ሳህን ተሰነጣጥቋል፣ የጎረቤት አጥር ደርቆ ማገዶ ሆኗል፤ እዚህ ግን ደመና የሌለበት ሰማይ ውሃ ላይ ተኝቷል።

ኮዳውን መሬት አስቀምጣ ተንበረከከች። ውሃው ያልደረሰበትን ጥቁር አፈር በጣቷ ጫነችው። ጣቷ ያለ ድካም ገባ። ስታወጣው ጉድጓዱ እንዳለ ቀረ። ቶሎ አልሞላም። ቀስ እያለ፣ ከሥር ውሃ እየቋጠረ፣ ተንቀርፍፎ ወደ ላይ መጣ።

ይህን ጉድጓድ ታውቀዋለች።

«አባዬ» አለች። ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት። «አልጠማትም።»

«ምን?»

«ዝንጉርጉሯ አልጠማትም። ከእንግዲህ አታጠጣት።»

«ቅጠሏን አታይም እንዴ? አንገቷን ደፍታ!»

«ሞልታ ነው። መውጫ የለውም። ሞልታ ነው የምትሞተው!»

«ሞልቶት የሚጠወልግ ነገር የት አየሽ አንቺ?»

ፍንጭት አባቷን ቀና ብላ አየችው። 

«እማዬ» አለች።

አባቷ ባልዲውን አስቀመጠው። እጁ ባዶ ሲሆን የት እንደሚያደርገው ያጣ ይመስል ነበር። ክቡ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

«ጠይቃኝ ነበር» አለች ፍንጭት። አሁን ማቆም አልቻለችም። «ትንሽ ብቻ አለችኝ። ምላሴን ላርጥብ አለችኝ። ነገ ጠዋት አልኳት። ጆጉን ደግሞ ደበቅኩባት አባዬ። እያየችኝ መጋረጃ ኋላ ደበቅኩባት።»

አባቷ ከጥፍሩ ሥር ያለውን ሲሚንቶ ይፈቀፍቃል።

«እኔንም ጠይቃኛለች» አለ በመጨረሻ። «ስልክ መጣልኝ ብዬ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ... ማንም አልደወለልኝም ነበር።»

ድንቡሽ አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን ያያል። አገጩ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«እኔ ግን ሰጠኋት» አለ።

ሁለቱም ዞሩ።

«በክዳን። በኮዳዬ ክዳን። ማንም ሳያይ። በጣም ደስ አላት፣ ጎበዝ አለችኝ።» እንባው መውረድ ጀመረ። «ውሃው ይጎዳታል ብሎ የለ ሐኪሙ? በእኔ ነው የሞተችው?»

አባቱ እንዴት እንደተነሳ ፍንጭት አላየችም። ልጁን አንስቶ ደረቱ ላይ ሲለጥፈው ብቻ አየች፤ ሲሚንቶው ሁሉ ልጁ ፊት ላይ።

«አይደለም! ስማኝ፣ አይደለም። በክዳን ውሃ ሰው አይሞትም። ኧረ በጭራሽ! እስከዛሬ ይሄን ይዘህ ነው?» ድምፁ ተሰበረ። «ጎበዝ አለችህ? እውነቷን ነው። ከሁላችን አንተ ነህ ጎበዝ።»

ፍንጭት መሬት ላይ ቁጭ አለች። አንድ ክዳን ውሃ። ምላስ ለማርጠብ ይበቃል። ደጋግማ አሰበችው፤ ይበቃል። ከዚያ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች።

የኩሽናው በር ተንቋቋ። አክስቷ በሁለት እጃቸው ሳፋ ተሸክመው፣ ወደ ኋላ ዘንበል ብለው፣ ቀጥታ ወደ ዝንጉርጉሯ እየመጡ ነበር። ሦስቱን ሲያዩ በአንድ እግራቸው ቆሙ።

«ምንድን ነው? ማን ደግሞ ሞተ?»

 የሁሉም ዓይን ሳፋው ላይ ነው።

«ምን ታዩኛላችሁ? እጣቢ ነው! የትም የሚደፋ እጣቢ ነው።»

ሳፋው ውስጥ ያለው ውሃ ጠርቶ እስከ ታች ያሳያል። ድንቡሽ ከአባቱ ትከሻ ላይ አንገቱን አውጥቶ፣ ንፍጡን እየማገ፣

«ዘንዶው ተገኘ» አለ።

አባቱ መጀመሪያ የሳለ መሰላቸው። ሳቅ ነበር። አክስቷ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ ሳይቆጡ ሳፋውን አስቀምጠው አጠገቡ ተቀመጡ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«ሌሊት ሌሊት እኔ አልነበርኩ አብሬያት የማድረው?» አሉ ማንም ሳይጠይቃቸው። «እኔን ያልለመነችኝ ይመስላችኋል?»

«ታዲያ ለምን ንቀሏት ይላሉ አክስቴ?» አለች ፍንጭት።

«እንደማትድን እያየሁ ነዋ! አንድ ነገር ቀስ እያለ ሲሄድ ቁጭ ብሎ ማየት... ሁለተኛ አቅም የለኝም ልጄ።»

---

አባቷ መዶሻና ሲሚንቶ መፈልፈያ ፑንታውን ከሥራ ቦርሳው አወጣ። ፑንታውን ራሱ ያለሰለሰው ጠርዝ ላይ አቁሞ መዶሻውን አነሳ፤ ግን አልመታም።

«አሳዘነህ?» አሉ አክስቷ።

«ሥራው ጥሩ ነበር» አለ።

መታው። ክቡ ለመሰበር አስቸገረ፤ እውነትም ጥሩ ሥራ ነበር። የመጀመሪያው ቁራጭ ሲወድቅ ውሃው ጠቁሮ ወጣ፤ ሽታው ድንቡሽን አፍንጫውን አስያዘው። ፍንጭት በእጇ ቆፈረች። ያገኘቻቸው ሥሮች ጠቁረው እንደ ራሰ ክር ናቸው፤ ስትነካቸው ቆዳቸው ተገፎ ጣቷ ላይ ይቀራል። ቆፈረች። ጥቁር። ደግሞ ጥቁር። ተስፋዋ ጣቷ ሥር እየላላ ሄደ። «እማዬ፣ እባክሽ» አለች በለሆሳስ፤ ማንን እንደምትለምን አላወቀችም።

በአጥሩ በኩል፣ ውሃው ብዙ ባልደረሰበት ወገን፣ ጣቷ አንድ ጠንካራ ነገር ነካ። ጠረገችው። ነጣ ያለ ሥር ነበር፣ የእርሳስ ውፍረት ያለው። ጎኑ ደግሞ ሌላ ቀጭን።

«ይሄ ደህና ነው?» አለ አባቷ።

«አልሸተተም» አለች።

የበሰበሰውን ቆርጠው ጣሉ። አባቷ አሸዋና ጠጠር አምጥቶ ከሥሯ ያለውን ጭቃ ለወጠው፤ ውሃ የሚወርድበት ቦይም እስከ አጥሩ ውጭ ቀደደ። ፍንጭት የሞቱትን ቅርንጫፎች በእናቷ መቀስ ቆረጠች። መሀል ላይ አረንጓዴ ብቻ የሆነ አንድ ለጋ ቅርንጫፍ አገኘች፤ ከሁሉም ይልቅ ጤነኛ የሚመስለው እሱ ነው።  ከሥሩ ቆረጠችው። የቀረው እንጨትና ጥቂት የተጠቀለሉ ቅጠሎች ነበሩ።

«ትድናለች?» አለ ድንቡሽ።

አባቷ አክስቷን አየ። አክስቷ አጥሩን አዩ።

«እሁድ አትነቀልም» አሉ። «እኔ ግን ተስፋ አልሰጠሁም፤ ኋላ እንዳትወቅሱኝ።»

እሁድ መጥቶ አለፈ። አልተነቀለችም፤ አልዳነችምም። የቀሩት ቅጠሎች እየቀነሱ ሄዱ። ፍንጭት ከትምህርት ቤት ስትመለስ የረገፈ ቅጠል እንዳትረግጥ እየፈራች ከበሩ ጀምራ መሬት መሬት ታያለች። ማንም ስለ ዝንጉርጉሯ አያወራም። ግን ሁሉም ሲገባም ሲወጣም አንድ ጊዜ ዘወር ይላል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ቆርቆሮውን ሲያንጣጣው ቧንቧው አጉረመረመና ውሃ መጣ። በርሜሉ፣ ጀሪካኖቹ፣ ድስቶቹ ሳይቀሩ ሞሉ። አክስቷ በደስታ ቧንቧውን ይመርቁ ነበር። ፍንጭት የተረፈውን በኩባያ ቀድታ ወደ ግቢው ወጣች። ሰማያዊ መስመር ያለው ኩባያ ነው። ከሆስፒታል ከመጣ ጀምሮ ማንም አልጠጣበትም ነበር።

ዝንጉርጉሯ በሙቀቱ ተሸንፋለች። የቀሩት ቅጠሎች ወደ መሬት ተንጠልጥለዋል፤ ነጩ ጠርዛቸው ወደ ውስጥ ተጠቅልሏል፣ እንደ ደረቀ ከንፈር።

ድንቡሽ መጥቶ አጠገቧ ቆመ። ኩባያውን አየ፣ ቅጠሎቹን አየ።

«የጠማት ትመስላለች» አለ።

«አዎ፣ ትመስላለች።»

«ትንሽ ብቻ እንስጣት? ይቺን ታክል?» ጣቶቹን አቀራርቦ የክዳን መጠን አሳያት።

አባቷ ደጃፉ ላይ ጫማውን እያወለቀ ነበር። አንዱን ጫማ በእጁ እንደያዘ ቆመ። 

ፍንጭት ጎንበስ ብላ ጣቷን አሸዋው ውስጥ እስከ መዳፏ ሰደደችው። ከታች ቀዝቀዝ ይላል፤ እርጥበት አለ። ስታወጣው አሸዋው ተንዶ ጉድጓዱን ሞላው። ቀና ስትል ቅጠሎቹ ፊቷ ላይ ነበሩ። ዓይኗን ወደ መስኮቱ ማዞር ፈለገች፤ አላዞረችም። እያየቻቸው፣

«አይሆንም» አለች።

«ነገስ?»

«ነገ ጠዋት» የሚለው ቃል ምላሷ ላይ መጥቶ ነበር። ዋጠችው።

«ነገ አፈሩን ነክተን እናያለን።»

ኩባያውን ወደ አፏ አስጠጋች። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር፤ ጉሮሮዋን አልፎ ሲወርድ እስከ ሆዷ ድረስ ተከተለችው። እስከ መስመሩ ጠጣችና ለወንድሟ ሰጠችው።

«እንካ፣ ጨርሰው» አለችው። «አፍህ ውስጥ እንዳትይዘው፤ ዋጠው።»